ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል
ወደ ውጭ አገር ለአገልግሎት ስለሚላኩ ልጆቻችን



ከያቭነ፣ ከገደራና ከቅርያት ማላኺ ወላጆች አንድ ዓይነት ጥያቄ ሲደጋገምብን ስለሰነበተ የዛሬውን ዓምዳችንን ለእርሱ ልናውለው ወስነናል። ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ነው። «ልጃችን 12ኛ ክፍልን ጨርሳ ወደ ጻሃል ከመግባቷ በፊት ለአንድ ዓመት ወደ ውጭ አገር ለሽሊሑት ተመርጣለች። ምን ልትሠራ ነው የምትሄደው? እንደ ሚሲዮን ነው ወይ? ማንስ ይጠብቃታል?»

ወላጆች ይህን ሲጠይቁ መሥጋታቸው አያስደንቅም። «ሚሲዮን» የሚለው ቃል በእኛ ማኅበረሰብ ዘንድ ቀላል ቃል አይደለም። ወንድምን ከወንድም፣ መንደርን ከመንደር የለየ ቃል ነው። ይሁን እንጂ ሰውን ለአገልግሎት አዘጋጅቶ ወደ ሩቅ አገር መላክ የአንድ ሃይማኖት ብቻ ሥራ አይደለም። ሌሎች ልከዋል፣ ወደ እኛም ተልኳል፣ ከእኛም መካከል የተላኩ አሉ። ስለዚህ ለጥያቄው መልስ ከመስጠታችን በፊት መልእክተኛ ከመላኩ በፊት እንዴት እንደሚሠለጥን፣ ሥልጠናው ሲሟላና ሲጎድል ምን እንደሚከተል ብናይ ይጠቅመናል ብለን እናምናለን። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሌሎች ልጆቻቸውን እንዴት ያዘጋጃሉ?

በዘመናችን ወጣቶችን አሠልጥኖ በመላክ በጣም ከሚታወቁት አንዷ በተለምዶ የሞርሞን ቤተ ክርስቲያን የምትባለው ናት። አሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችን ነጭ ሸሚዝና ጥቁር ሱፍ ለብሰው፣ ስማቸው የተጻፈበት ጥቁር ምልክት ደረታቸው ላይ አድርገው፣ ሁለት ሁለት ሆነው የሚሄዱትን ወጣቶች በደንብ ያውቋቸዋል። እኛ እዚህ በጎዳናችን የማናያቸው ምክንያት አለው። በኢየሩሳሌም በሃር ሃጾፊም ላይ ያለው ትልቁ ማዕከላቸው በ1980ዎቹ ሲሠራ ብርቱ ተቃውሞ ተነሥቶ ስለነበር፣ ቤተ ክርስቲያኒቱ በእስራኤል ውስጥ እንደማትሰብክ በጽሑፍ ቃል ገብታለች።

ከ2012 ጀምሮ አንድ የሞርሞን ወጣት ወንድ 18 ዓመት ሲሞላው ለሁለት ዓመት አገልግሎት መሄድ ይችላል። የሚሄድበትን አገር ራሱ አይመርጥም። ደብዳቤ ይደርሰዋል፣ ደብዳቤው ወዳዘዘው ይሄዳል። ወጪውን የሚሸፍነው በአብዛኛው እርሱና ቤተሰቡ ናቸው። ከመሄዱ በፊት ግን ማሠልጠኛ ይገባል። ከማሠልጠኛዎቹ ትልቁ በአሜሪካ በዩታ ግዛት፣ ፕሮቮ በተባለች ከተማ ይገኛል። ከአፍሪካም በጋና በአክራ አንድ አለ። አዲስ ቋንቋ የማያስፈልገው ጥቂት ሳምንታት፣ ቋንቋ የሚማረው ደግሞ ከዚያ የበለጠ ጊዜ ይቆያል። በፕሮቮ የሚሰጡት ቋንቋዎች ከሃምሳ ይበልጣሉ። ከኮሮና ወዲህ ደግሞ የሥልጠናው አንዱ ክፍል ገና ከቤት ሳይወጡ በቪዲዮ ይሰጣል።

የማሠልጠኛው ኑሮ እንደ ወታደር ሰፈር በሰዓት የተሰፈረ ነው። ጠዋት በጊዜ መነሣት፣ ማታ በጊዜ መተኛት ግዴታ ነው። ቀኑ በቋንቋ ትምህርት፣ በመጽሐፍ ጥናትና በልምምድ ያልፋል። በልምምዱ ጊዜ አንዱ እንደ እንግዳ ቤት ባለቤት ሆኖ ይቀመጣል፣ ሌላው ገና በተማረው ቋንቋ እየተንተባተበ ያስረዳዋል። እያንዳንዱ ጓደኛ ይመደብለታል፣ ከዚያ ጓደኛው ተለይቶ አይሄድም። ልብስ የሚያጥብበትና ለቤቱ የሚጽፍበት በሳምንት አንድ ቀን አለው። እስከ 2019 ድረስ ወደ ቤቱ ስልክ የሚደውለው በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ ነበር። ከ2019 ወዲህ ግን በየሳምንቱ ከቤተሰቡ ጋር እንዲነጋገር ተፈቅዷል።

ይህን ሁሉ የምንዘረዝረው ሃይማኖታቸውን ለማስተማር አይደለም። የእኛ ልጆች ማንንም ሃይማኖት ለማስለወጥ አይላኩም። ነገር ግን ሦስት ነገር ልብ እንድትሉልን እንፈልጋለን። ቋንቋ ይማራሉ፣ ብቻቸውን አይላኩም፣ የላካቸው ክፍልም እስኪመለሱ ድረስ አይለቃቸውም። እነዚህን ሦስቱን ይዘን ወደ ራሳችን ታሪክ እንሂድ።

ወደ እኛ የተላኩት

የእኛም አባቶች ያለ ዝግጅት ሰው ለአገልግሎት አያቆሙም ነበር። ቄስ የሚሆን ልጅ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ከአዋቂ ቄስ ወይም እንደ ሆህዋርዋ ባሉ ቅዱሳን ቦታዎች ከሚኖሩ መነኮሳት ዘንድ ተቀምጦ፣ ኦሪትንና ጸሎቱን በግዕዝ ይማር ነበር። ውኃ ቀድቶ፣ እንጨት ለቅሞ፣ መምህሩን አገልግሎ ነው ለመቆም የሚበቃው። ዝግጅቱ ግን ለገዛ መንደሩ ነበር። ከሩቅ አገር ተዘጋጅቶ የሚመጣ ሰው እንዳለ ማንም አላሰበም።

በስዊትዘርላንድ፣ በባዝል ከተማ አጠገብ፣ ቅድስት ክሪሾና በምትባል ኮረብታ ላይ በ1840 አንድ የፕሮቴስታንት ማሠልጠኛ ተቋቋመ። ከዚያ የሚወጡት ብዙዎቹ ተራ የእጅ ባለሙያዎች ነበሩ። ከእጅ ሥራቸው ጋር መጽሐፍ ቅዱስ እየተማሩ ወደ ሩቅ አገር ይላኩ ነበር። በኢየሩሳሌም የፕሮቴስታንቶች ጳጳስ የነበረው ሳሙኤል ጎባት ወደ ኢትዮጵያ እንዲላኩ ያደረገው እነዚህን ነው። ከእነርሱ አንዱ ማርቲን ፍላድ በ1855 ወደ አገራችን ገባ። አጼ ቴዎድሮስ የእጅ ባለሙያ ይፈልጉ ስለነበር ተቀበሏቸው። በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ተቀምጠው መድፍ የሠሩት ከዚሁ ትምህርት ቤት የመጡት ናቸው። በ1860 ደግሞ በለንደን ያለው አይሁድን ወደ ክርስትና የሚመልሰው ማኅበር ሔንሪ ስተርን የተባለውን መልእክተኛ ላከ፣ በቤተ እስራኤል መካከልም በግልጽ ሥራ ጀመሩ።

የእነዚህ ሰዎች ኃይል ከየት መጣ ብንል፣ አንዱ ከዝግጅታቸው ነው። ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በአማርኛ ታትሞ የወጣው በ1840 ነው። የእኛ ሕዝብ ኦሪትን የሚሰማው በግዕዝ ስለነበር፣ ቃሉን በሚገባው ቋንቋ የሚያነብለት ሰው ሲመጣ ብዙ ወጣት ጆሮውን ሰጠ። ቄሶቻችንና መነኮሳቶቻችን በብርቱ ተቃወሙ፣ ክርክሩም እስከ ንጉሡ ፊት ደረሰ። በ1862 አባ ማሓሪ ሕዝቡን አስነሥተው ወደ ኢየሩሳሌም ለመሄድ ሲነሡ፣ ይህ ሁሉ ጭንቀት ከጀርባቸው ነበር። በትግራይ ምድር ብዙዎች በረሃብና በበሽታ አለቁ፣ የተረፉትም ያሰቡት ሳይደርሱ ቀሩ።

አጼ ቴዎድሮስ ሚሲዮናውያኑን አሥረው፣ በ1868 በመቅደላ ከተፈቱ በኋላ የውጭ አገር ሰዎቹ ተመልሰው እንዲሠሩ አልተፈቀደላቸውም። ሥራው ግን አልቆመም። ምክንያቱም ከአገሩ ተወላጆች መካከል የሠለጠኑ ነበሩ። ሚካኤል አረጋዊ በዚያው በቅድስት ክሪሾና ተምሮ ተመልሶ ለብዙ ዓመታት ሥራውን መርቶታል። ፍላድም ከአውሮፓ ሆኖ ደብዳቤና ገንዘብ መላኩን አላቋረጠም። እንግዲህ የጎዳን ሥራ ቢሆንም ከእርሱ የምንማረው አለ። መልእክተኛን የሚያጸናው ከኋላው ያለው ነው።

ከእኛ የተላኩት

ለዚህ መልስ ለመስጠት የተነሣው ዶክተር ያዕቆብ ፋይትሎቪች እንደነበር ሽማግሌዎቻችን በደንብ ያውቃሉ። ከ1904 እስከ 1905 ባደረገው የመጀመሪያ ጉዞው ሲመለስ ጌቴ ኤርምያስንና ታምራት አማኑኤልን ይዞ ወደ አውሮፓ ሄደ። ሐሳቡ ግልጽ ነበር። ሚሲዮኑ የኢትዮጵያ ወጣቶችን አሠልጥኖ እንደሚልክ፣ አይሁድም የራሳቸውን ወጣቶች አሠልጥነው ወደ ሕዝባቸው ይመልሱ ማለት ነው። ታምራት አማኑኤል ራሳቸው በአስመራ የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ሲማሩ የተገኙ ናቸው። በፓሪስ፣ ከዚያም በኢጣልያ በፍሎረንስ የረቢዎች ትምህርት ቤት ተምረው ተመለሱ። በ1920ዎቹ በአዲስ አበባ ለቤተ እስራኤል ልጆች ትምህርት ቤት ሲከፈት የመሩት እርሳቸው ናቸው።

ፋይትሎቪች እስከ ኢጣልያ ወረራ ድረስ ሃያ አምስት ያህል ወጣቶችን ወደ አውሮፓና ወደ ምድረ እስራኤል ወስዷል። በተለያዩ ከተሞች፣ በተለያዩ ቤተሰቦችና ትምህርት ቤቶች ተበተኑ። አንዱ በኢየሩሳሌም፣ አንዱ በፍራንክፈርት፣ አንዱ በስዊትዘርላንድ ይማር ነበር። ብርዱ፣ ናፍቆቱና በሽታው ቀላል አልነበረም፤ ከእነርሱ አንዳንዶቹ በወጣትነታቸው ሞተዋል። ከተመለሱት መካከል ግን እነ ዮና ቦጋለ ወጥተዋል። አቶ ዮና በወለቃ ተወልደው፣ በኢየሩሳሌምና በአውሮፓ ተምረው፣ ወደ አገራቸው ተመልሰው አስተማሪ ሆኑ፤ ከ1950ዎቹ ጀምሮም ሕይወታቸውን በሙሉ ለማኅበረሰባችን ትምህርትና ለዓሊያ ጉዳይ ሰጡ። በ1979 ወደ እስራኤል ገቡ፣ በ1987 ዐረፉ። ታምራት አማኑኤልም ብዙ ተንከራተው በ1963 በኢየሩሳሌም አርፈዋል።

የክፋር ባትያ ልጆች

ለዛሬው ጥያቄ ከሁሉ የሚቀርበው ግን የክፋር ባትያ ልጆች ታሪክ ነው። በ1954 በአስመራ ረቢ ሽሙኤል በኤሪ የሚመሩት፣ ከሶኽኑት የተደገፈ የመምህራን ማሠልጠኛ ለቤተ እስራኤል ተከፈተ። በ1955 አሥራ ሁለት ወጣቶች ወደ እስራኤል መጡ። በ1956 አሥራ አምስት ተጨመሩ። በጠቅላላው 27 ማለት ነው። የገቡት በራዓናና ባለው የክፋር ባትያ የወጣቶች መንደር ነው። በጎንደር አጠገብ በውዛባ የተወለደው ባሩኽ ተገኘ ሲመጣ ገና 11 ዓመት ገደማ ነበር።

በፕኒሚያው ዕብራይስጥ፣ ኦሪት፣ እኛ በአገራችን ያላወቅነውን የሚሽናና የታልሙድ ትምህርት፣ እንዲሁም የእርሻ ሥራ ተማሩ። በዚያው ክፍል ከመላው ዓለም የመጡ ሌሎች ዓሊም ልጆች ነበሩ። ልዩነቱ ግን ይህ ነው። ሌሎቹ የመጡት ለመኖር ነው። የእኛዎቹ የመጡት ተምረው ለመመለስ ነው። በዚያን ጊዜ የመመለሻ ሕግ ለእኛ አይሠራም ነበር። ረቢ ዖቫድያ ዮሴፍ ውሳኔያቸውን የሰጡት በ1973፣ መንግሥት የተቀበለው በ1975 ነው። እንግዲህ አስቡት። አያቶቹ ሲጸልዩበት የነበረውን አገር ያየ ልጅ፣ አፉን በዕብራይስጥ ፈትቶ፣ «አሁን ሂድና አስተምር» ሲባል ምን ይሰማዋል? አብዛኞቹ ግን ሄዱ።

ሲመለሱ ምን አገኙ? በመጀመሪያ ሥራው የሞቀ ነበር። በጎንደር ዙሪያ በብዙ መንደሮች ትምህርት ቤት ተከፍቶ ነበር። በ1958 ግን ከውጭ ይመጣ የነበረው ገንዘብ ተቀነሰና አብዛኞቹ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። በውዛባ የነበረው ትምህርት ቤት በእሳት ጋየ። ከቀሩት ዋናው የአምቦበር ሆነ። ለአስተማሪነት የሠለጠኑት ወጣቶች የሚያስተምሩበት ክፍል አጡ። ብዙዎቹ ሌላ ሥራ ለመፈለግ ተገደዱ። የተማሩትን ዕብራይስጥ የሚያናግራቸው ሰው አልነበረም።

እዚህ ላይ ጥፋቱ የማን እንደሆነ በትክክል ማየት አለብን። ልጆቹ አልሰነፉም። ሥልጠናውም መጥፎ አልነበረም። የጎደለው ከላኪው ወገን ነው። መልእክተኛው ተዘጋጀ፣ ላኪው ግን አልተዘጋጀም። ሦስትና አራት ዓመት የለፉበት ልጅ ከሄደ በኋላ ደመወዙን ማን ይከፍላል፣ መጽሐፍ ማን ይልክለታል፣ ሲታመም ማን ይጠይቀዋል የሚለው አስቀድሞ አልተቋጨም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለው ለዚህ ነው።

ሆኖም የተዘራው አልጠፋም። ከሃያ ዓመት በኋላ የዓሊያው መንገድ ሲከፈት በመጀመሪያ ረድፍ ከቆሙት መካከል የክፋር ባትያ ተማሪዎች ነበሩ። ባሩኽ ተገኘ ከ1974 አብዮት በኋላ በሱዳን አድርጎ፣ አፍሪካን አቋርጦ እስከ ናይጄሪያ ተጉዞ፣ በመርከብ ሠርቶ እስራኤል ደረሰ፤ ከዚያም የወገኖቹን ጩኸት በየአገሩ አሰማ። በ2010 ዐረፈ። ዚምና ብርሃኔም በሱዳን በኩል ለተደረገው ሥራ የደከሙ የዚያው ትምህርት ቤት ፍሬ ናቸው። ዕብራይስጥም አማርኛም የሚያውቅ፣ ሁለቱንም አገር የኖረበት ሰው ድልድይ ይሆናል። ይህን ድልድይ የሠራው የልጅነት ሥልጠናቸው ነው።

ዛሬስ?

የዛሬዎቹ ልጆቻችን የሚሄዱት ወደ ሌላ ዓይነት አገልግሎት ነው። «ሽንሽኒም» የሚባሉት የሽናት ሼሩት ወጣቶች፣ 12ኛ ክፍልን ጨርሰው የጻሃል ግዳጃቸውን በአንድ ዓመት አዘግይተው፣ በሶኽኑት በኩል በውጭ አገር ወዳሉ የአይሁድ ማኅበረሰቦች የሚላኩ ናቸው። በትምህርት ቤት፣ በምኩራብና በወጣቶች ማኅበራት ስለ እስራኤልና ስለ ዕብራይስጥ ያስተምራሉ። ብዙውን ጊዜ የሚኖሩት በተቀባይ ቤተሰቦች ቤት ነው፤ በዓመቱ ውስጥ ከአንዱ ቤተሰብ ወደ ሌላው ሊዛወሩ ይችላሉ። ከመሄዳቸው በፊት ምርጫና የሥልጠና ሴሚናሮች አሏቸው። ማንንም ሃይማኖት አያስለውጡም፣ የሚያገለግሉት የገዛ ሕዝባቸውን ነው። ስለዚህ «እንደ ሚሲዮን ነው ወይ?» ለሚለው መልሳችን፦ አይደለም።

«ማን ይጠብቃታል?» ለሚለው ግን መልሱን ወላጆች ራሳችሁ ጠይቃችሁ ማግኘት አለባችሁ። ከላይ ካየነው ታሪክ ተነሥተን የሚከተሉትን እንድትጠይቁ እንመክራለን።

አንደኛ፣ ወጪውን ማን ይከፍላል? የአውሮፕላን፣ የኢንሹራንስ፣ የኪስ ገንዘብና የክረምት ልብስ ሳይቀር በጽሑፍ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ። ከወላጅ የሚፈለግ መዋጮ ካለና ቤታችሁ የማይችል ከሆነ፣ ሳታፍሩ ድጋፍ እንዳለ ጠይቁ። በገንዘብ ምክንያት ብቻ ልጃችሁን አታስቀሩ።

ሁለተኛ፣ ብቻዋን ነው ወይስ ከጓደኛ ጋር የምትላከው? በከተማው ኃላፊ የሆነው አዋቂ ማን ነው? ስሙንና ስልኩን ከመሄዷ በፊት ያዙ። ዕብራይስጥ ለሚከብዳችሁ ወላጆች፣ በስብሰባው ላይ አስተርጓሚ እንዲኖር ጠይቁ። ልጃችሁ ራሷ እንድታስተረጉምላችሁ አታድርጉ፤ ልጅ የሚያስፈራውን ነገር ለእናቷ አትተረጉምም።

ሦስተኛ፣ የሰንበትና የምግብ ነገር እንዴት ነው? ተቀባይ ቤተሰቦች አኗኗራቸው የተለያየ ነው። የቤታችሁ ወግ ምን እንደሆነ አስቀድማችሁ አስታውቁ።

አራተኛ፣ ከተመለሰች በኋላስ? ወደ ጻሃል የምትገባበት ቀን፣ ቀጥሎም ልትማር የምታስበው ነገር ከመሄዷ በፊት ይነጋገሩበት። የክፋር ባትያ ልጆች የተጎዱት በመሄዳቸው ሳይሆን ከሄዱ በኋላ በመረሳታቸው ነው።

አምስተኛው ከሁሉ ይበልጣል፤ የሚመለከተውም ድርጅቱን ሳይሆን ቤታችንን ነው። በውጭ አገር ያለ ሰው ልጃችንን ሲያይ በመጀመሪያ የሚጠይቃት ስለ ቴል አቪቭ አይደለም። «ወላጆችሽ ከኢትዮጵያ እንዴት መጡ?» ይላታል። እዚህ ተወልዳ ያደገች ልጅ ለዚህ መልስ ከሌላት፣ በሴሚናር የተማረችው ሁሉ አያድናትም። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው ማለት ይህ ነው። እንግዲህ የሥልጠናው መጀመሪያ በአያቶቿ ሳሎን ውስጥ ይሁን። ከየትኛው መንደር እንደተነሡ፣ በሱዳን መንገድ ማን እንደቀረ፣ በሰፈሩ ውስጥ ስንት ወር እንደጠበቁ ይንገሯት። በሱዳን መንገድና በሰፈሮቹ አራት ሺህ ያህል ወገኖቻችን እንዳለቁ፣ በሃር ሄርጽልም መታሰቢያ እንዳላቸው ትወቅ። ስግድ በ2008 በሕግ የአገር በዓል እንደሆነ ብቻ ሳይሆን፣ አያቷ ድንጋይ ተሸክመው ተራራ ሲወጡ ምን እያሉ ይጸልዩ እንደነበር ትስማ። አያቶች በአማርኛ ወይም በትግርኛ ይናገሩ፣ ልጅቱ በዕብራይስጥ ትጻፍ። ያ ደብተር ከሻንጣዋ ውስጥ ከሁሉ የሚከብድ ዕቃ ይሆናል።

የምንኖርባት ያቭነ ራሷ በዚህ ነገር ስም ያላት ከተማ ናት። ቤተ መቅደስ በ70 ከፈረሰ በኋላ ራባን ዮሐናን ቤን ዛካይ ሊቃውንትን የሰበሰቡት በዚህ ነው። የወሩን መባቻ ለተበተነው ሕዝብ የሚያስታውቁ መልእክተኞችም በዚያ ዘመን ይላኩ ነበር። ያን ጊዜ ዜናው እስከ ጎንደር ተራሮች አልደረሰም፤ አባቶቻችን ጨረቃን ራሳቸው እያዩ በዓላቸውን ጠበቁ። ዛሬ ከእነዚያ አባቶች ልጆች መካከል ከዚችው ከተማ የሚላኩ ካሉ፣ ለላኪውም ለተላኪውም ክብር ነው።

ስለዚህ ወላጆች፣ ጠይቁ፣ አጥብቃችሁ ጠይቁ፤ መልሱ ካጠገባችሁ ግን መርቃችሁ ላኩ። ልጆቻችንም በሰላም ሄደው በሰላም ይመለሱ። ጥያቄ ያላችሁ አንባብያን በሰፈራችሁ ማትናስ በኩል ጻፉልን፤ በአማርኛም በዕብራይስጥም እንቀበላለን።

እስከሚቀጥለው ዕትማችን ድረስ ሰላም ቆዩ።